ሠላሳ ሦስት ሳንቃ፣ አንድ በር

ልጄ የምትማርበት ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው። በሩ በየት በኩል ይሁን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ቤቱ ሱዳኖች ጎጢያ የሚሉት ዓይነት ክብ የሣር ቤት ነው፤ ከሌላው ጎጢያ ግን ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ግድግዳው ከውጭ አገዳና ጭቃ ነው። ከውስጥ ዙሪያውን ሳንቃ ቆሞበታል። ሠላሳ ሦስት ሳንቃ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ከላይ ወደ ታች በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሰው ገብቶ ወደ ግራው ሲዞር ሀን ያገኛል፤ ክፍሉን ዞሮ ወደ በሩ ሲመለስ ፐ ላይ ይቆማል። መጽሐፍ የሌለው ልጅ ከግድግዳው ይማራል። ጀማሪ ሀ ሥር ይቀመጣል፤ እያወቀ ሲሄድ ቦታውን በግድግዳው ላይ እየገፋ፣ ክፍሉን ዞሮ፣ በሌላኛው ጎን ወደ በሩ ይቀርባል። ፊደል የጨረሰን ልጅ እኛ ዘንድ «በሩ ደረሰ» እንለዋለን። መሀል ላይ ያለ ልጅ፣ አ ወይም ከ ሥር የተቀመጠ ልጅ፣ ከበሩ የመጨረሻውን ሩቅ ቦታ ይዟል ማለት ነው።

እኔም ፊደል የቆጠርሁት በእነዚሁ ሳንቃዎች ነው። ያኔ ቤቱ መፋዛ ከምትባለው ከተማ ወደ ላይ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር፣ ካምቦ በምንለው የእርሻ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ከመተማ ቆላ ሰሊጥ ለማጨድ የመጣ ሳሉግ ነው። ሳሉግ ዐጨዳው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አባቴ ግን አንድ ዓመት ቀረ፣ በዓመቱ እናቴንና እኔን አስመጣ። እንደ እሱ የቀሩ ሌሎችም ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዲቁና የተማረ አጫጅ ነበርና ልጆቹ ፊደል ሳያውቁ አያድጉም ብሎ ተነሣ። ሳንቃዎቹን ከተሰበረ የትራክተር ተሳቢ ጎን ነቀላቸው። ቀለሙም የትራክተር ቀለም ነው። ለዚህ ነው ይህን ያህል ዘመን የቆየው።

ሦስት ዓመት ተማርሁ። ከዚያ እናቴ ታመመችና ውሃ የሚቀዳ ስለጠፋ ቀረሁ። የማነበውም የምጽፈውም በእነዚያ ሦስት ዓመታት ባገኘሁት ነው። ስለዚህ ቤቱን እወደዋለሁ ስል ሰው ይመነኝ። በኋላ የሠራሁትን የሠራሁት ስለጠላሁት አይደለም።

ራሃድ በየክረምቱ ዳሩን ይበላል። መጀመሪያ ወደ ውሃ የምንወርድበትን መንገድ ወሰደ፣ ከዚያ የሰው ጓሮ ወሰደ። ትልቅ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ልጄን በሆዴ ይዤ ሳለሁ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳና በገደሉ መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር። ልጆቹ ሲማሩ አፈሩ እየተናደ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። የእርሻው ባለቤት ከወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠንና ለመነሣት ተስማማን። አንዳንዱ «ቤቱን ተዉት፣ እዚያ አዲስ እንሠራለን» አለ። የሚበዛው ግን እንቢ አለ። ፊደሎቹን የጻፈው አስተማሪ ሞቷል፤ ሌላ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አልነበረንም።

ሳንቃዎቹን በዕጣ ተካፈልን። እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን ፊደል ተሸክሞ እንዲያደርስ፣ በአዲሱ ቦታም በገዛ እጁ እንዲያቆም፣ ከዚያም ወዲያ ሲሰበርም ሲነቃነቅም እሱ እንዲጠግነው ተባለ። ለእኛ ቤት ከ ደረሰች። ለሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አ ደረሰችው፤ ዕጣውን ያወጣው ራሱ ስለነበር ሰዉ «ዐይኑን ሳይጨፍን ነው ያወጣው» እያለ ሲስቅበት ዋለ። ጣሪያውን ወንዶቹ ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው አነሡት። ከሩቅ ሲታይ የሣር ክዳን እግር አውጥቶ ሜዳውን የሚያቋርጥ ይመስል ነበር። ውሾች ሲጮኹበት ሄዱ።

አዲሱ ቦታ ደርሰን የምሰሶዎቹ ጉድጓድ ሲቆፈር ሊቀመንበሩ በሩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰፈሩ ይሁን አለ። እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ነበር።

«በሩ ሰሜን ነበር» አልሁ። «ወደ ወንዙ።»

«እዚህ ወንዝ የለም» አለኝ።

«ባይኖርም። ከዞረ የእኛ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሌላ ቤት ነው።»

ሁሉም ደክሞታል፤ ሁሉም የተወው ቦታ ከዐይኑ አልጠፋም። አንዲት ሽማግሌ «እውነቷን ነው፣ እንደነበረው ይሁን» አሉ፤ ሌላውም «እንደነበረው» አለ። እንደነበረው ሆነ። በዚህ ለብዙ ዓመት ኮርቻለሁ። ልጄን ጡት እያጠባሁ በበሩ ፊት ሳልፍ «ይህን እናትሽ ናት ያስደረገችው» እላት ነበር።

ሰሜኑ ግን ሜዳ ነው። ዐይን እስከሚያይ የማሽላ እርሻ ነው፤ ከዐጨዳ በኋላ አገዳው ቆሞ ይደርቃል። በበጋ ነፋሱ ከዚያው በኩል ሌት ተቀን ይነፍሳል። ዝናብ ሳይገባ ደግሞ ባለእርሻዎቹ መሬቱን ለማጽዳት አገዳው ላይ እሳት ይለቁበታል። በአሮጌው ቦታ በነፋሱና በእኛ መካከል ወንዝ ነበረ። ይህን ማንም አላሰበም። እኔም አላሰብሁም።

ቅርስ የሚለው ቃል ወደ ሰፈራችን የመጣው በአንድ ወጣት ነው። የወሎ ልጅ ነበር፤ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ወጥቶ ስንቅ ስላለቀበት እኛ ዘንድ ሰሊጥ ሲያጭድ ቆየ። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ነው፤ የድሮ ቤቶችን ነገር ነበር የሚያጠናው። ትምህርት ቤቱን ሲያይ አፉን ይዞ ቆመ። በሲባጎ ለካው፣ በወረቀት ሣለው፣ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ጻፈ። ከዚያ ኮሚቴውን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«ይህ ቅርስ ነው። ቅርስ የሚሆነው ደግሞ አሮጌ ስለሆነ አይደለም፤ ተሸክማችሁት ስለመጣችሁ ነው። አንድ ነገር ብትለውጡ ግን ዋጋው ይወርዳል። እስክመለስ ምንም እንዳትነኩ። የሚያስመዘግቡ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ።»

ሥዕሉን ለሊቀመንበሩ ሰጥቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማ የለም። ሰሃራ ይሁን ባሕር፣ እስር ይሁን ሌላ፣ አናውቅም። እዚህ ቢኖር ኖሮ ሰው ይከራከረው ነበር፤ ወጣት ነው፣ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። ስለጠፋ ግን ቃሉ እንደ ኑዛዜ ሆነ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዘዋል።

ከዚያ የሱዳን ጦርነት መጣ። ከካርቱም፣ በኋላም ከሌላ ከሌላ ቦታ የተፈናቀሉ ሰዎች፣ እዚህ ናዚሂን የሚሏቸው፣ ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ፤ ከተማው ሲሞላ ወደ እኛ መጡ። ባገኙት ክፍት ቦታ ከአገዳና ከጆንያ ራኩባ ሠሩ። በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የነበረው ባዶ መሬት በአንድ በጋ ሞላ። እኛም ስደተኞች ነን፣ ተነሡ የምንልበት አፍ የለንም። ምድጃቸው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት በተርታ ነበር፤ ሌላ ቦታ የላቸውማ። ልጄም በዚያው ዓመት ሰባት ሞልቷት ትምህርት ጀመረች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከእነዚያ ራኩባዎች አንዱ ተቃጠለ። እናትየው ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር፤ ልጆቿ ደግነቱ ተከትለዋታል። ውስጥ የታሰረች ፍየል ብቻ ነበረች። እኔ ከቤቴ ጭሱን አይቼ ማሰሮ ይዤ ሮጥሁ፤ መንገዱ ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። ስደርስ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ፍየሊቱ ወደ መግቢያው አፈትልካ ነበር፤ ገመዱም ተበጥሶላታል፤ እሳቱ ግን መግቢያው ላይ ነበር። ቆማ ወደ ኋላ ዞራለች። ከኋላ ግድግዳ ነው። ጭንቅላቷን ግድግዳው ውስጥ ሰክታ አገኘናት።

ቀና ስል ትምህርት ቤቱን አየሁት። በሩ ወደዚያ ፊቱን ሰጥቶ ክፍት ነው፤ ልጆቹ በሩ ላይ ተደራርበው ያያሉ። ከመካከላቸው የእኔን ልጅ ፈለግሁ፤ አጣኋት። እሷ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ በዚያ ሳምንት የደረሰችው አ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ያዝሁ። ሠላሳ ስድስት ልጅ አለ። በሩ አንድ ልጅ ያሳልፋል፤ ሁለት ከመጡ ይጋፋሉ። ማታ ልጄን አስቀምጬ ፊደል ማስጠናት ጀመርሁ፤ የሚያየኝ ሰው የትምህርት ፍቅር ይመስለዋል። እኔ ቶሎ አውቃ ቶሎ ወደ በሩ እንድትጠጋ ነበር የምፈልገው።

«ዩማ፣ ኸላስ፣ ደከመኝ» ትላለች። «እማ፣ በቃ» ማለቷ ነው፤ እዚህ ስለተወለደች ዐረብኛው አብሮ ይወጣል።

«ጠን ብቻ አንዴ።»

«ጠ ገና ነው እኮ! መምህሯ ገና ከ ላይ ናት።»

«አንቺ ቅደሚያት።»

ሁለት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ቤት አስቀረኋት። ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። ቤት ውስጥ ተቀምጣ በጣቷ መሬት ላይ ስትጽፍ ሳያት ራሴን አየሁት፤ ከእሷ በዕድሜ ትንሽ በልጬ ከትምህርት ስቀር እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው። መልሼ ላክኋት። ልኬአትም ወደ ሊቀመንበሩ ሄድሁ።

ሊቀመንበሩ ከቤቱ ደጅ ካለው ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሬዲዮ ሽቦ ይጠግን ነበር።

«ጋሼ፣ ለትምህርት ቤቱ ከጀርባ በር እናውጣለት።»

«ለምን?»

«እሳት ቢመጣ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

«እሳት ይምጣ አልሽ?»

«እኔ አልጠራሁትም። ቢመጣ ነው ያልሁ።»

«አንቺማ ነፋሱንም ትፈሪዋለሽ፣ ዝናቡንም ትፈሪዋለሽ። ባለፈው ክረምት ጊንጥ ይገባል ብለሽ ልጆቹን ሁሉ ጫማ አስገልብጠሽ የለ?»

«ሁለት ጊንጥ ተገኝቷል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ወደ ሰሜን ዐይኑን ጣል አደረገ፤ ያን ያደረገ መሆኑን ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ በሩ ከዞረ የእኛ ትምህርት ቤት አይደለም ያልሽ? ሆድሽን ይዘሽ ጉድጓዱ ላይ ቆመሽ? እኔማ ወደ ደቡብ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ቅርስ ሆነ። ልጁ ያለውን ሰምተሻል፤ እስክመለስ እንዳትነኩ ነው ያለው።»

«ልጁ አልተመለሰም እኮ ጋሼ።»

«ቢመለስስ?»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ ይመለሳል ብሎ ያምን ነበር፤ ቤቱን ሳይነኩ መጠበቅ ልጁን እንደመጠበቅ ሆኖበታል።

እኔ ማድረግ የምችለውን አሰብሁ። ከ የእኛ ናት፤ መንቀል እችላለሁ። ግን አንድ ሳንቃ ቢነቀል የሚያልፍበት ድመት ነው። ሦስት ያስፈልጋል። በግራዋ የሊቀመንበሩ አ አለች። በቀኟ ኸ አለች፤ ኸ ደግሞ የአንዲት ባልቴት ናት። በሥርዓታችን የሰው ሳንቃ ያለባለቤቱ ፈቃድ አይነካም። ወደ ባልቴቷ ሄድሁ። ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው፤ እኔም ቁጭ ብዬ አብሬ ለቀም ለቀም አደረግሁ።

«እትዬ፣ ሳንቃዎን ልለምንዎ ነው የመጣሁ።»

«ያቺን ማንም የማይጽፋትን?» አሉና ፈገግ አሉ። «የደረሰችን ቀን ሰፈሩ እንዴት እንደሳቀብን! የማታገለግል ደረሰቻችሁ አሉን። ባለቤቴ ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? ኸሽም ኤል ቂርባ የሚባለውን ከተማ በምን ልትጽፉት ነው አላቸው። እዚያ ቦይ ሲቆፍር ስድስት ዓመት ኖሯላ!»

ሣቅን። ከዚያ የምፈልገውን ነገርኋቸው። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ትኩሳት ይዞት ነበር የተሸከማት» አሉ። «ልያዝልህ ስለው፣ የእኔ ዕጣ ናት አለ። ከዚያ ሁለት ወር አልቆየም። ልብሱን ለእነዚህ ለተፈናቀሉት ሰጠሁት፣ አልጋው ተሰበረ። የእሱ እጅ ያረፈበት ነገር እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ። በየእሑዱ እየገባሁ እዳስሳታለሁ። አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ፍየሊቱን አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«እኔ ድምፅዋን ነው የሰማሁት። ጆሮዬ ይህን ያህል ይሰማል ብዬ አላውቅም።» ቀሚሴን ለቀቁኝ። «ንቀያት። ስትነቀል ግን አልቆምም።»

በማግሥቱ ግን ከእኔ ቀድመው ሊቀመንበሩ ደጅ ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡት አንተ ነው የሚሉት።

«የእኔንም የእሷንም ልንነቅል ነው» አሉት። «ያንተ አ ብቻዋን ቆማ በር ትዝጋ።»

«እትዬ፣ እርስዎም?»

«እኔም። ያ ልጅ ቢመጣ እኔ አነጋግረዋለሁ። ስለ ቅርስ ያስተማረን እሱ አይደል? ፊደሉን የሚያነብ ልጅ ከሌለ ቅርሱ ለማን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ሳይፈታው መልሶ ከተተው። «ቁረጡ» አለ በመጨረሻ። «ሳንቃዎቹ ግን ከቦታቸው አይሄዱም። ሦስቱን አጋጥመን መዝጊያ እናደርጋቸዋለን። ሲዘጋ እንደነበረው ይሆናል። ጓጉንቸር እገጥምለታለሁ።»

«ቁልፉ የት ይሆናል?» አልሁት።

«እኔ ኪስ ነዋ።»

«ገዳሪፍ በሚሄዱ ቀንስ?»

«አንቺ ሴትዮ…» አለ። ጓጉንቸሩ ቀረ። በሩ ከውስጥ በገመድ እንዲታሰር፣ አንድ ልጅ ቢስበው እንዲፈታ ሆነ።

ባሌ በሳምንት አንድ ቀን ነው ከገዳሪፍ ገበያ የሚመጣው፤ ጆንያ ተሸካሚ ነው። በዚያ ቀን እሱና ሊቀመንበሩ ግድግዳውን ቆረጡት። ጭቃው በመጥረቢያ ሲመታ አቧራው በቀዳዳው በገባው ብርሃን ውስጥ ወጣ። ፊደሎቹ ላይ ከደቡብ ፀሐይ ሲወድቅ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ቀይ አልነበሩም፤ የቀዩ ሽፋን ብዙ ቦታ ተሰንጥቆ ከሥሩ ግራጫ እንጨት ይታያል። ጨለማው ነበር አዲስ ያስመሰላቸው። ሊቀመንበሩ አን በመዳፉ ሲጠርጋት ቆየና፣ «አርጅተናል» አለ።

በሩ ተሠራ ብዬ ያረፍሁት ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ከጀርባ ዞሬ ሳይ አንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ ለከብቱ የሰበሰበውን አገዳ በአዲሱ በር ላይ ከምሮታል። ከውጭ ጭቃ ስለለሰንነው ሲዘጋ በር መሆኑ አይታወቅም እኮ። ለመንኋቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው አነሡ። በሳምንቱ ሌላ ሰው አህያ አሰረበት። ስለዚህ የልብስ ስፌቴን ይዤ በየጠዋቱ እዚያ መቀመጥ ጀመርሁ። ሰው «ዘበኛዋ» ይለኛል። ይበሉ። ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ ሲዞር እሰማለሁ፤ ከሀ ተነሥቶ በጀርባዬ አልፎ ወደ ፐ ይሄዳል። የእኔን ልጅ ድምፅ ለይቼ አውቃታለሁ። በማታው ማስጠናት በርትታ ጠ ደርሳ ነበር፤ ከጀርባ በር ይልቅ ለፊተኛው በር ትቀርባለች። ሰሜኑን ግን አላየውም። ቤቱ ይከልለኛል። ጭስ ቢነሣ የማውቀው ሲሸተኝ ነው።

ባለእርሻዎቹ አገዳው ላይ እሳት መልቀቅ በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ ሽታው መጣ። በየቀኑ የሚሸት ነገር ነው፤ ያን ቀን ግን ከሽታው ጋር ድምፅ ነበረው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ቤቱን ዞሬ አየሁ። ጭሱ ከመሬት አልተነሣም፤ መሬት ለመሬት ይመጣ ነበር፤ ሥሩ ቀይ ነው። እርሻውን ከሰፈሩ የሚለየው የትራክተር መንገድ ብቻ ነው። የፊተኞቹ ራኩባዎች ሰዎች ልጆቻቸውን እያነሡ ይሮጣሉ።

ወደ ጀርባው በር ተመልሼ «ውጡ!» ብዬ ጮህሁ። ገመዱ ከውስጥ ተፈታ። ልጆቹ ወጡ፤ አልተጋፉም። አስተማሪዋ ወጣች። እየዳሰስሁ ቆጠርሁ፤ ሠላሳ አምስት። የእኔ የለችም።

«በፊተኛው ወጥታ ይሆናል» አለች አስተማሪዋ። ፊተኛው በር ጭስ ሞልቶበታል።

ገባሁ። ውስጡ ግራጫ ነበር፤ ዐይኔ ፈሰሰ። ወደ ጠ ሮጥሁ፤ ባዶ ነው። ወደ ፊተኛው በር ሄድሁ፤ ሙቀቱ መለሰኝ። ስሟን ጠራሁ። የመለሰችልኝ ከኋላዬ ነው፣ አሁን ከገባሁበት በር። ወደ ውስጥ ከተከፈተው መዝጊያ ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ስለነበር ሳላያት አልፌአት ነበር። ሁለት እጇን በሳንቃው ጠርዝ አስገብታ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ትጎትታለች። ከን ልትነቅል ነው።

በወገቧ አነሣኋት። እጇን አልለቀቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁ።

እሳቱ የትራክተሩ መንገድ ላይ ቆመ። ነፋሱ ለአፍታ ወደ ምሥራቅ ዘወር ስላለ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሦስት ራኩባ ተቃጠለ፣ ሰው አልተጎዳም። ሊቀመንበሩ ከሰፈሩ ማዶ እየሮጠ ደርሶ ልጆቹን ደጋግሞ ቆጠረ። ቤቱን ዞሮ አላየውም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ልጄን ወደ ቤት ወስጄ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን ስንጥር በመርፌ አወጣሁላት። ቀዩ ቀለም ጣቷ ላይ ነበር።

«ለምን አልወጣሽም?» አልኋት።

«የእኛን ልወስድ ነዋ።»

«ማን ውሰጂ አለሽ?»

አየችኝ፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነው። «አንቺ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ተሸከመ አላልሽም? ባባ ከባድ ነበረች አለ፣ አንቺ ግን እኔን አርግዘሽ በአንድ በኩል ያዝሽለት። እኔም ሆድሽ ውስጥ ሆኜ ይዣት ነበር አልሽኝ። ሁሌ ነው የምትነግሪኝ።»

እውነቷን ነው። ስታጠና እንዳትሰለች ብዬ በየማታው የምነግራት ይህንኑ ነው።

«እሳት ሲመጣ ተያት» አልኋት። «ትቃጠል።»

«ከ?»

«ከም ትቃጠል። ሀም ትቃጠል። ቤቱ ሁሉ ይቃጠል። ሰማሽኝ?»

ሰማችኝ፤ ግን ፊቷ ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስድብ ቃል የተናገረ ሰው እንደሚታይ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ለምን አመጣችኋት?» አለች። ከወንዙ ማለቷ ነው።

የምመልስላት ብዙ ነገር ነበረኝ። ስለ አስተማሪው፣ ስለ ሦስቱ ዓመታት፣ ስለ አባቴ። ሁሉም ግን ነገ ተመልሳ ገብታ ሳንቃውን እንድትይዝ የሚያደርግ ነገር ነበር። ስለዚህ መርፌውን አስቀምጬ እጇን አጠብሁላት።

አሁን ከአስተማሪዋ ጋር ተስማምተን በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቹን ሳይነገራቸው እናስወጣቸዋለን። እኔ ከጀርባ በር ውጭ ቆሜ ሁሉም ሲያልፉ ሁለት መዳፋቸውን እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። ደብተር የያዘ፣ ጫማውን ያንጠለጠለ ተመልሶ ከመጨረሻው ይሰለፋል። ለእነሱ ጨዋታ ሆኗል፤ እየሳቁ እጃቸውን ፊቴ ላይ ያርገበግባሉ። ልጄ አትስቅም። ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ሳታየኝ፣ ቶሎ ታልፋለች። ዝናብ ሊገባ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ሰሜኑ በየቀኑ ይጨሳል።